ዋንጫው ጎንደር ገባ፣ ጨዋታው ግን አልገባም

ስለ 2013ቱ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ወሬ ሲነሳ ሁላችንም የምንጀምረው ከአቡበከር ናስር ነው። ልክ ነን። የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። ያን ዓመት የተጫወቱት 13 ክለቦች ብቻ ስለነበሩ አንድ ቡድን ቢበዛ 24 ጨዋታ ነው ያለው። 29 ጎል ለ24 ጨዋታ! ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ከፍታችሁ አካፍሉትና ተገረሙ።

ግን 13 የሆነው ለምንድነው? መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም። መቀሌ እኮ የ2011 ሻምፒዮን ነው። የ2012ቱ ውድድር ደግሞ በኮቪድ ተሰርዞ ያለ ሻምፒዮን ቀርቷል። ስለዚህ ሊጉ ታኅሣሥ ላይ ሲጀመር የመጨረሻው ባለዋንጫ ሜዳ ላይ አልነበረም። ስለዚያ ዓመት ደረጃ ሰንጠረዥ ስንከራከር ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙ አይገጥመኝም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ይሆናል። ሊጋችን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሸቀጥ የተሸጠው ያን ዓመት ነው። መልቲቾይስ ለ5 ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተስማማና ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ። ማንቼና አርሴናል በምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት፣ በዚያው ስክሪን፣ ቡናና ጊዮርጊስ መጡ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በሚመደብ በጀት ነው። ከበጀት ውጪ የሚመጣ ገንዘብ ማየት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ግን ሜዳ ነው። ውድድሩ ከከተማ ከተማ እየዞረ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳር፣ በድሬዳዋና በሀዋሳ ተካሄደ። ሁሉም ቡድን አንድ ከተማ ይገባል፣ የተወሰኑ ሳምንታት ይጫወታል፣ ተያይዞ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ምክንያቱ ይገባኛል። ኮቪድ ነበር። ካሜራና ባለሙያ በየሳምንቱ አገር ምድሩን ማዞር ውድ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም በደጋፊ ግጭትና በፖለቲካ ውጥረት ስንት ጨዋታ ወደ ገለልተኛ ሜዳ ሲወሰድ አይተናል። በአንድ ውሳኔ ሦስት ራስ ምታት ማስታገስ መጥፎ ሂሳብ አይደለም።

ሂሳቡ ውስጥ ያልገቡት ጎንደር፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ወልቂጤና አዳማ ናቸው። ፋሲል ከነማ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው አንድም የሊግ ጨዋታ በፋሲለደስ ስታዲየም ሳያደርግ ነው። በ2011 ዋንጫውን ለመቀሌ አሳልፎ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ነው፤ ከተማው ሲጠብቅ ነበር። ቅርብ የተባለው ባህር ዳር እንኳ ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስታዲየሙ በር ላይ ስካርፍ የምትሸጠው፣ ቆሎ የሚያዞረው ልጅ፣ ከጨዋታ በኋላ የሚሞላው ምግብ ቤት ከ68 ሚሊዮኑ ምን ደረሳቸው? አልጋ የያዙት የሌላ ከተማ ሆቴሎች ናቸው።

በእርግጥ ለፋሲል አንድ የሚያኮራ ነገር አለው። «በሜዳው ብቻ ነው የሚያሸንፈው» የምትለዋ የተለመደች የተቀናቃኝ ደጋፊ አፍ ያን ዓመት ስራ ፈታ ነበር። ሜዳ የሚባል ነገር የለውማ!

ቴሌቪዥኑንም አላጣጥልም። አቡበከር በ2014 ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ። ጎሎቹን ያሳየው ሱፐርስፖርት መቀመጫው እዚያው አገር ነው። በቪዲዮ ያልተቀረጸ አጥቂ ስንት ይሸጣል?

የሚያናድደኝ ለአንድ ክፉ ጊዜ የመጣው ዘዴ መክረሙ ነው። ኮቪዱ አለፈ፣ ጭምብሉ ወለቀ፣ ሊጉ ግን በቀጣዮቹ ዓመታትም በተመረጡ ከተሞች መዞሩን ቀጠለ። አሁን አስራ አምስት ዓመት የሆነው የሶዶ ልጅ ወላይታ ድቻን የሚያውቀው ምናልባት በስልኩ ስክሪን ነው። ክለቦቹ ስታዲየማቸውን ያድሱ፣ አክሲዮን ማህበሩም ቢያንስ ጥቂት ጨዋታዎችን በየዓመቱ ወደ ባለቤቶቹ ከተማ ይመልስ። ካሜራው ያንን ለመቅረጽ ይከብደዋል? ባዶ ወንበር ከመቅረጽማ ይሻለዋል።