ተጨማሪ መረጃ፦ ጣት እስከ የት ይደርሳል?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው ዓይኑ ከፈረሱ አይነቀልም። ፈረሰኛውን ኮርቻው ላይ ከሚያጸኑት መካከል ግን የኋላ ጭን ጡንቻዎቹ ይገኛሉ። ሦስት ናቸው፤ በአብዛኛው ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው ከጉልበት በታች ያርፋሉ።

መተጣጠፋቸውን ለመለካት ዌልስና ዲሎን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት «ቁጭ ብሎ የመዘርጋት» ፈተና ዛሬም ይሠራበታል። ዳንግላ ላለ ትምህርት ቤት አንድ ጠንካራ ሳጥንና ማስመሪያ ይበቃዋል። ተማሪው ጫማውን አውልቆ ይቀመጥና እግሮቹን ዘርግቶ ውስጥ እግሩን ከሳጥኑ ጋር ያገጥማል። ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ እጆቹን ደራርቦ፣ በዝግታ ወደፊት ይዘረጋል፤ ጣቱ የደረሰበት ሴንቲሜትር ይመዘገባል። እየነጠሩ መግፋት ክልክል ነው!

የእንጅባራ ጠዋት ብርዳም ነው፤ ሰውነት ሳያሟሙቁ መለካት ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል።

ፈተናው ለሁሉም እኩል ፍትሐዊ ነው ማለት ግን ያስቸግራል። ክንዱ ረጅም፣ እግሩ አጭር የሆነ ልጅ በተፈጥሮው ይጠቀማል፤ የታችኛው ጀርባ መተጣጠፍም ውጤቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሰውየውን በጀርባው አስተኝተው፣ አንድ እግሩን ቀጥ እንዳለ ያነሱና የዳሌውን ማዕዘን በዲግሪ ይለካሉ።