ማዕበል የማይሰማበት የባሕር ካሴት

እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ሎፓቲን የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ «ቸክ ፐርሰን» በሚል ስም ተሸሽጎ «ኤኮጃምስ ቮልዩም 1» የተሰኘ አልበም በካሴት አወጣ። የተባዛው 100 ያህል ብቻ ነበር። አሠራሩን ለመናገር ቀላል ነው፦ ሬዲዮ ካሰለቻቸው የፖፕ ዘፈኖች አንዲት ሐረግ ይቆርጣል፣ ያዘገያታል፣ ማሚቶ ይጨምርባታል፣ ከዚያ ደጋግሞ ያዞራታል። ዘፈን አዘግይቶ ማጫወቱን የሂውስተኑ ዲጄ ስክሩ ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ አስለምዶት ነበር። ዛሬ ቬፐርዌቭ የሚባለው ስልት መልክ የያዘው ግን በዚህ ካሴትና በቀጣዩ ዓመት በወጣው የማኪንቶሽ ፕላስ «ፍሎራል ሾፕ» ነው። የካሴቱ ሽፋን ሴጋ በ1992 ለገበያ ካቀረበው «ኤኮ ዘ ዶልፊን» የቪዲዮ ጨዋታ ሥዕል የተወሰደ ነው፤ ብዙዎች አልበሙን ከባሕር ጋር የሚያያይዙትም በዚህ ሽፋን ምክንያት ይመስላቸዋል። ሽፋኑን ደብቀን ብናዳምጠውም ግን ባሕሩ አይጠፋም።

የሚገርመው በአልበሙ ውስጥ የማዕበል ድምፅም ሆነ የመርከብ ጡሩምባ አለመኖሩ ነው። ባሕሩ የሚመጣው ከድምፁ አያያዝ ነው። ቴፕ በግማሽ ፍጥነት ሲሽከረከር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ የጸናጽሉ ስለትም ይዶለዱማል። ማሚቶው ደግሞ ዘፋኙ የቆመበትን ስፍራ ያጠፋዋል። ውኃ ውስጥ የገባ ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው፦ ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ሁለቱ ጆሮዎች በአንድ ጊዜ የሰሙ ያህል ይሆናሉ፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣም መለየት ያስቸግራል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ግን በአልበሙ ውስጥ ከዘፋኙ ክሪስ ደ በርግ ዘፈን የተቆረጠው ቅንጭብ ነው። በዋናው ዘፈን ቀይ የለበሰች ሴት ትጨፍራለች፤ አፍቃሪው ሕዝቡን ሁሉ ረስቶ ከሁለታችን በቀር እዚህ ማንም የለም ይላታል። ሎፓቲን ሁለቱን ጥሎ ማንም የለም የሚለውን ብቻ አስቀረና አዞረው። የፍቅር ምስጋና የነበረው የብቸኝነት ጥሪ ሆነ። ሽፋኑ የተወሰደበት ጨዋታ ታሪክም ይኸው ነው፦ ከባሕር የተነሣ አውሎ ነፋስ መንጋውን ወደ ሰማይ ይመጥጥና ዶልፊኑን ብቻውን ያስቀረዋል። ስለዚህ በአልበሙ የሚሰማው ናፍቆት የዘፈኑ ዘመን የሆኑትን 1980ዎቹን ማሞገሻ አይደለም፤ በዘመኑ ደስታ ሥር ተደብቆ የኖረውን መተከዝ ማውጫ ነው።

ይህማ ማንም የሚሠራው ነገር ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ሎፓቲን ራሱም የሐሳቡ ፍሬ ነገር ልዩ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ዕውቀት አለመጠየቁ እንደሆነ ተናግሯል። ነገር ግን መቀስ መያዝና የት እንደሚቆረጥ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ከዘፈኑ አራት ደቂቃ ውስጥ ያቺን ሐረግ መርጦ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ማቋረጥ የጆሮ ሥራ ነው። (ይኸው ጆሮ በ2022 የኢትዮጵያውያን ልጅ የሆነው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ፣ ባወጣው «ዶውን ኤፍኤም» አልበም ውስጥ በፕሮዲዩሰርነት ተሳትፏል።) ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የሰው ሥራ ያለፈቃድ መውሰድ ስርቆት አይደለም ወይ? በገበያ ዓይን ካየነው ያዘገመውን ቅንጭብ የሰማ ሰው ዋናውን ዘፈን ከመግዛት አይቆጠብም፤ ከተቆረጡት ዘፈኖች አንዱ የሆነውን የቶቶ ባንድ «አፍሪካ» በዚህ ካሴት ተክቶ የሚያዳምጥም አይገኝም። በክብር ዓይን ካየነው ግን መልሱ ይደክማል። ክፍሎቹ ኤ1፣ ቢ4 እየተባሉ በፊደልና በቁጥር ብቻ ተሰይመዋል፤ ከማን እንደተወሰዱ ርእሳቸው አይናገርም። ምንጩን መጥቀስ ከስሜቱ አንዳች ባልቀነሰ ነበር።