ያውቁ ኖሯል? ባዶውን ያደረ ባቡር

የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጥቅምት 1897 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በዕቅድ በየሌሊቱ ለመንገደኞች የተዘጋው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

አድማ፣ የመብራት መጥፋትና አውሎ ነፋስ ቀድሞም አስቁመውታል፤ እነዚያ ግን በየሌሊቱ የሚደጋገሙ መዘጋቶች አልነበሩም። ከሚያዝያ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. አንሥቶ ግን ለፅዳት ሲባል ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት መንገደኛ መሳፈር ተከለከለ። ቤት አጥተው በፉርጎዎቹ ውስጥ ያድሩ የነበሩ ሰዎችም እንዲወርዱ ተደረገ። የሚገርመው፣ ባቡሮቹ አልቆሙም፤ ሰው ሳይጭኑ ሲመላለሱ ያድሩ ነበር። ለመዘጋት ታስበው ያልተሠሩ፣ በር የሌላቸው ጣቢያዎችም ስለነበሩ ፖሊስ ይጠብቃቸው ነበር። የ24 ሰዓቱ አገልግሎት የተመለሰው ግንቦት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።