የተገለበጠን ኮርድ በ«ሃፒ በርዝዴይ» መለየት

ገፈርሳና ቡራዩ ለሰርግና ለመዘምራን ኪቦርድ የምትለማመዱ፣ ኢንቨርሽንን በጆሮ መለየት የሚከብደው ሦስቱንም ኖታ በአንዴ ለመያዝ ስንሞክር ነው። አንድ ርቀት ብቻ ፈልጉ፤ አራተኛውን፣ ከሶል ወደ ዶ የሚዘለውን።

ዝላዩን ታውቁታላችሁ። «ሃፒ በርዝዴይ» የመጀመሪያ ስንኝ ላይ ከ«ዴይ» ወደ «ቱ» ሲነሳ እሱ ነው። ተጠጋግቶ የተመታውን ኮርድ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ አዚሙት። ዝላዩ ከታች ከሆነ (ሶል ዶ ሚ) ሁለተኛ ኢንቨርሽን ነው፤ ከላይ ከሆነ (ሚ ሶል ዶ) አንደኛ። ጨርሶ ከሌለ ኮርዱ አልተገለበጠም። ይህንንም እዚያው ዘፈን ውስጥ ታገኙታላችሁ፦ ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ የባለልደቱ ስም ከመጠራቱ በፊት፣ ዜማው ከላይ ሶል ሚ ዶ ብሎ ይወርዳል።

ትዝታ ሜጀር ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ቅኝቱ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ስለሆነ ዶ ሚ ሶልም፣ ላ ዶ ሚም በውስጡ አሉ። ሁለተኛው ሲገለበጥ ዶ ሚ ላ ይሆናል፤ ቤዙ ዶ በመሆኑ ብዙ ተማሪ ዶ ሜጀር ይለዋል። ከሚ ወደ ላ ያለው አራተኛ ያጋልጠዋል። በትዝታ የተቃኘ ክራር ካላችሁ ሦስቱን ድምፆች አንድ በአንድ ምቷቸው፤ እዚያ ይበልጥ ጠርቶ ይሰማል።