ከአንድ ወደ አራት የሚዘል ቆጣሪ

ዜሮ፣ አንድ፣ አራት፣ አምስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ሰቨን ሴግመንት ዲስፕሌዩ እንዲህ ሲቆጥር ያየ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው አይሲውን ነው፤ ነቅሎ ሌላ ይተካል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ልማድ ያስከፍላል። የከተማዋ ታይዋን ገበያ የሚታወቀው በልብስ፣ በስልክና በሌላ ያለቀለት ዕቃ እንጂ 7490ን በመሰለ ነጠላ አይሲ አይደለም። ጤነኛውን ጥሎ ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ያስቆጫል፤ ብልሽቱ የት እንዳለ የሚጠቁመው ቁጥር ፊት ለፊቱ በርቷልና።

7490 ከ0 እስከ 9 ይቆጥርና ውጤቱን በአራት ሽቦ ለ7447 ያቀብላል። የሽቦዎቹ ዋጋ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ነው። 7447 ደግሞ ድምሩን አይቶ ከሰባቱ መስመሮች የሚያስፈልጉትን ያበራል። 2 መሆን የነበረበት 4፣ 4 መሆን የነበረበት 2 ሆኖ ከታየ፣ ከ6 እስከ 9 ያሉት ግን ልክ ከሆኑ፣ የ2 እና የ4 ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ለመሳሳት የተመቹም ናቸው፤ በ7490 ላይ እግር 9 እና 8፣ በ7447 ላይ እግር 1 እና 2፣ ጎን ለጎን። ሁለቱን ሽቦዎች መልሶ ማለዋወጥ ይበቃል፤ የሚገዛ ነገር የለም።

9 ላይ ተገትሮ የቀረ ቆጣሪም እንዲሁ ይነበባል። የቲቲኤል አይሲ ምንም ያልተያያዘበትን መግቢያ እግር እንደ 1 ይወስደዋል። የ7490 እግር 6 እና 7 ባዶ ከተተዉ ቆጣሪው 9 ላይ ይቆማል፤ እነዚህ ከግራውንድ ተያይዘው 2 እና 3 ከተረሱ ደግሞ 0 ላይ። ኃይሉም ያሳስታል፦ ባለ 14 እግር አይሲ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልቱን በ14፣ ግራውንዱን በ7 ይቀበላል፤ 7490 ግን በ5 እና በ10 ነው።

በባለ ሁለት አሃዝ ቆጣሪ የአሥር ቤቱ፣ የአንድ ቤቱ 9 ሳያልፍ ገና 8 ሲበራ ከጨመረ፣ ወደ ሁለተኛው 7490 የሄደው ሽቦ የተነሳው ከእግር 11 ሳይሆን ከእግር 8 ነው።

ቁልፉ አንዴ ተጭኖ ቁጥሩ ሁለት ሦስት ከዘለለስ? ጥፋቱ የቁልፉ ነው። ብረቱ ከብረት ሲገናኝ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል፤ 7490 እያንዳንዱን ንጥረት ይቆጥራል። በ555 ታይመር አንድ ንጹህ ምት መስጠት ያድናል።

ጨርሶ ያልበራ ዲስፕሌይ፣ በተለይ ከአሮጌ ስታብላይዘር የተነቀለ ከሆነ፣ አስቀድሞ በቴስተር የዳዮድ መለኪያ መፈተሽ አለበት። ከ7447 ጋር የሚሠራው የጋራ እግሩ ፖዘቲቭ የሆነው ብቻ ነው። ዓይነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የ7447ን እግር 3 ግራውንድ ማስነካት ነው፤ ሙሉ 8 ከበራ ከ7447 እስከ ዲስፕሌዩ ያለው መንገድ ደህና ነው፣ ፍለጋው ወደ ቆጣሪው ይመለሳል።

1 ደምቆ 8 ከፈዘዘ ደግሞ ተማሪው ለሰባቱም መስመር አንድ ሪዚስተር ብቻ አስገብቷል። ለየመስመሩ 330 ኦም ሲሰጠው ብርሃኑ ይስተካከላል። በረንዳ ላይ፣ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ስር የሚሠራ ሰው ግን ሪዚስተር ከመቀነሱ በፊት ዲስፕሌዩን በእጁ ከልሎ ይይ፤ ሁሉም ቁጥር እኩል የፈዘዘበት ከፀሐዩ ብርታት ሊሆን ይችላል።