«ምዕራፍ»፣ «ክፍል» እና ውስን ተከታታይ ድራማ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ከገጽ ወደ አየር ተሸጋግሯል፤ አስቀድሞ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በተላለፈው የቴሌቪዥን ድራማ። ለፊተኛው «ትረካ» የሚል የጠራ ስያሜ አለን። የኋለኛው ግን የስያሜ ችግር አስከትሏል።

ችግሩ የተቋጠረው «ምዕራፍ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ ከግእዙ «ዐረፈ» የወጣ ሲሆን ጥንተ ፍቺው ማረፊያ ስፍራ ነው። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ ለሚሄድ መንገደኛ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ምዕራፍ ልትሆነው ትችላለች። የመጽሐፍ ምዕራፍም አንባቢ ትንፋሽ የሚወስድበት ነው። የቴሌቪዥን ባለሙያዎች በበኩላቸው በሁለት የዕረፍት ጊዜያት መካከል የሚተላለፉትን ክፍሎች በአንድነት «ምዕራፍ» ይሏቸዋል፤ ከሥርወ ቃሉ አንጻር አይነቀፉበትም፤ እንዲያውም «ሲዝን» ከማለት ይሻላል። ነገር ግን ድራማው ከልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን ሁለቱ ፍቺዎች ይጋጫሉ። መጽሐፉን ደጋግሞ ያነበበ የመርሳ ተመልካች «ምዕራፍ ሁለት» የሚል ጽሑፍ ቢያይ የትኛውን ይረዳ? ተርጓሚስ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሰው የትኛውን ይምረጥ?

መፍትሔው ከዘርፉ ብያኔ ይገኛል እንላለን። የዚህ ዓይነቱ ድራማ ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ፣ የክፍሎቹም ቁጥር የተወሰነ ነው። የጄምስ ክላቬል «ሾገን» እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሞ፣ በ1980 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በአምስት ምሽት ታይቶ አልቋል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ሥራ «አጭር ተከታታይ ድራማ» ማለት አያስኬድም፤ መለያው ርዝመቱ ሳይሆን መቋጫው ነውና። ስለዚህ «ውስን ተከታታይ ድራማ» የሚለውን እንመርጣለን። «ውስን» የጉድለት ስሜት እንደሚያሳድር አልዘነጋንም፤ «የተወሰነ» ግን «ጥቂት» ተብሎ ሊተረጐም ስለሚችል የባሰ አሻሚ ነው።

ውስን ድራማ ተከታይ ስለማይኖረው «ምዕራፍ» ለመጽሐፉ፣ «ክፍል» ለእያንዳንዱ ሥርጭት ሊጸና ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 እንደ አዲስ የተሠራው «ሾገን» ግን ውስን ተብሎ ጀምሮ፣ ታሪኩ ከመጽሐፉ አልፎ እንደሚቀጥል በዚያው ዓመት ተነግሯል። እንዲህ ሲሆን ተከታዩ «ሁለተኛ ዙር» ቢባል የመጽሐፉ ምዕራፍ አይነካም።