ከዊንዶውሱ በፊት ፊደሉ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላሊበላ ውስጥ በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከዚያ ወዲህ የሚበዛው ጥያቄ «ወደ 11 ላሻግረው ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። መምህሩም አስጎብኚውም የወረዳ ሠራተኛውም ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማሽኑ ምን እንደሚሠራና የማንን ወረቀት እንደያዘ ሳላውቅ መልስ አልሰጥም።

ማሽኑ እንደሆነ ይሠራል። ይጽፋል፣ ያትማል፣ ፊልም ያሳያል። የቀረው ነገር ለዓይን አይታይም፦ አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ከፋብሪካው ይላክ የነበረው መድፈኛ። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የሚከላከለው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዱት በብዛት ያልጫኑት ነበሩ።

እኛ ጋ ደግሞ ቫይረስ ኢንተርኔት አይጠብቅም፤ በፍላሽ ይመጣል። ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ጉዳዩን ለመጨረስ ሲሰለፍ አንዱ የፋይዳ መታወቂያውን ያሳትማል፣ ሌላው የትምህርት ማስረጃውን ስካን ያስደርጋል፣ ሦስተኛው የመሬት ክርክር አቤቱታ ያስጽፋል። የአንዱ ፍላሽ የያዘው ሾርትከት ቫይረስ ለሁሉም ይደርሳል። የራሱን ፊልም ብቻ የሚያይ ሰው በአሮጌ ዊንዶውስ ቢቆይ ጉዳቱ የራሱ ነው። የሌላ ሰው መታወቂያ የሚያልፍበት ማሽን ግን ያለ ማሻሻያ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መዋል የለበትም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ታዲያ ሁሉም ለምን አይሻገርም? ማሽኑ አይፈቅድማ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች በአብዛኛው አራተኛ እስከ ስድስተኛ ጀነሬሽን ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፎ ሲሄድ፣ «አዲስ ግዛ» ማለት ለአንድ መምህር ምክር አይሆንም። ገደቡን ዘልሎ የሚጭን ባለሙያ አይጠፋም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፤ ኮር ቱ ዱኦ የሆነውማ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን የዊንዶውስ 11 እትም ጨርሶ አያስነሳም። በክራክ የሚከፈት ዊንዶውስን በተመለከተ፣ ክራኩ ራሱ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፊደላችን ነው።

በአካባቢያችን ያሉ የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤዎች፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንቦች፣ የማኅበራት መዝገቦች ገሚሱ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። በእነዚያ አሮጌ ፎንቶች ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው አማርኛ አይደለም። የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ነው፤ ፎንቱ በላያቸው የግዕዝ መልክ ያለብሳቸዋል። በዚያ አሠራር አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ የለውም። የኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይደርሳሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ይተርፋል። ስለዚህ አንዱን ፊደል ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈሉት። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ መጻፊያና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የኛ መዝገቦች ግን ባሉበት ቀሩ።

አንድ የደብር ጸሐፊ የዓመታት ቃለ ጉባኤ የያዘ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥተው «ልጄ፣ ፎርማት አድርገህ አዲሱን ጫንልኝ» አሉኝ። ፋይሉን በሌላ ማሽን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ቅዱስ ስም የነበረበት ቦታ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኗል። ዝም ብለው አዩና «ይኼ የኛ ነው?» አሉ። አዎ፣ የእርስዎ ነው አልኳቸው። ፎንቱ ከጠፋ ንባቡ ይጠፋል። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ በጣም የቆዩት ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች በጭራሽ አይነሱበትም፤ ከእነሱ ወዲህ የመጡትም እንደ ድሮው ለመሥራታቸው ዋስትና የለም።

ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ፋይሎቹን ከነፎንቶቻቸው በሁለት ቦታ እገለብጣለሁ። እያንዳንዱን ሰነድ በመጀመሪያ መልኩ በፒዲኤፍ አስቀምጣለሁ፤ ቢያንስ ንባቡ ይተርፋል። ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ እለውጠዋለሁ። መቀየሪያው ግን ብቻውን አይታመንም። በሰነዱ መካከል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም ካለ እሱንም ግዕዝ መስሎት ሊለውጠው ይችላል፤ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብም ይሳሳታል። አንድ ሰው ከፒዲኤፉ ጋር እያመሳከረ መስመር በመስመር ማንበብ አለበት፤ የዳዊት ደጋሚ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጸሐፊው ራሳቸው ከዲያቆኑ ጋር ቁጭ ብለው አመሳከሩ። አሁን የአንድ ምእመን ስም ሲፈለግ በፍለጋ ይገኛል፣ ሰነዱ በቴሌግራም ሲላክም በስልክ ይነበባል። ለእኔ ትልቁ ማሻሻያ ይህ ነው፤ ዊንዶውሱ 10 ቢሆንም 11 ቢሆንም።

የሚጫንበት ጊዜም መታሰብ አለበት። የመጫኛው ፋይል በርካታ ጊጋ ነው። ሆም የሚባለው እትም ገና ሲነሳ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ ኒያላ ፎንትም አሁን አማርኛ ቋንቋ ሲጨመር ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ያየ ሰው ይህን ቀላል አይለውም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ማሻሻያ መጀመርም አደገኛ ነው፤ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላል። በገና ሰሞን፣ ከተማው በምእመንና በእንግዳ ሲሞላ፣ የማንንም ማሽን አልነካም።

በምሠራበት ቤት ፋይዳ የሚታተምበትንና ኢሜይል የሚከፈትበትን ማሽን ወደ 11 አሻግሬዋለሁ፤ አቅሙ ነበረው። ለጽሕፈት ብቻ የሚያገለግለው አሮጌው በዊንዶውስ 10 ቆይቷል፤ ኢንተርኔት አያገኝም፣ የደንበኛ ፍላሽም አይሰካበትም። ሌላ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ ከተትሁና ሊኑክስ ሚንት ጫንሁበት። ነፃ ነው፣ ማሻሻያ ለዓመታት ይደርሰዋል፣ አማርኛም ይጻፍበታል፤ የለመዱትን ኦፊስ ለሚፈልጉ ደንበኞች ግን አልመክርም።

በግል ላፕቶፑ ላይ 10ን ይዞ ለሚቆይ ሰው ደግሞ የማይክሮሶፍት የአንድ ዓመት ተጨማሪ ማሻሻያ አለ። ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር እዚያ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን በነፃ ይሰጣል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለን ለእኛ የሚሆነው ሁለተኛው መንገድ ነው። የሚያገለግለው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው የሚገኘው ሴቲንግ ውስጥ በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው፤ ማሽኑ አስቀድሞ 22ኤች2 የተባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 እትም ላይ መድረስ አለበት።